ብሔር ተጠይቆ ቋንቋ አይሞላ፦ ለጅማ የትምህርት፣ የጤና፣ የፍትሕ እና የባህል መሥሪያ ቤቶች ግልጽ ደብዳቤ

በጅማ ከተማና በዙሪያዋ ለምትገኙ የትምህርት፣ የጤና፣ የፍትሕ እንዲሁም የባህልና ቱሪዝም መሥሪያ ቤቶች
ለከተማዋ ነዋሪዎች በሙሉ
ጅማ

ጉዳዩ፦ የሚነገር ቋንቋ ለብቻው እንዲመዘገብ ስለመጠየቅ

በአገራችን በሚሞሉ ብዙ ቅጾች ላይ ‹ብሔር› የሚል መስመር አለ። ቋንቋ ግን አይጠየቅም። ቢጠየቅም ጸሐፊው ከላይ ያለውን መስመር አይቶ ራሱ ይሞላዋል፤ የም ከተባለ የምሳ፣ ካፋ ከተባለ ካፊኖኖ፣ ኦሮሞ ከተባለ አፋን ኦሮሞ። እኛ የምንጠይቀው ይህ አሠራር እንዲቀር ነው። ሰው የሚናገረው ቋንቋ ለብቻው ይጠየቅ፣ ከባለቤቱ አፍ ይሰማ፣ ከአንድ በላይ መልስም ይፈቀድ።

የሥራ ቋንቋ ይቀየር የሚል ጥያቄ የለንም። አፋን ኦሮሞ የክልሉ የሥራ ቋንቋ ነው፤ አማርኛም በከተማዋ በሰፊው ይነገራል። ይህን ያነሣነው እንዲህ ያለ ጥያቄ ሲቀርብ ገና ከመነበቡ ሌላ ትርጉም ስለሚሰጠው ብቻ ነው።

ብሔርና ቋንቋ አብረው እንደማይሄዱ ለማየት ጎረቤታችን የሆነውን የየም ሕዝብ መመልከት በቂ ነው። በ1999 ዓ.ም. በተካሄደው ቆጠራ ብሔሬ የም ነው ያለው ሕዝብ ወደ 160 ሺህ ሲጠጋ፣ የምሳ አፌን የፈታሁበት ቋንቋ ነው ያለው ወደ 92 ሺህ ነበር። ከ100 ሰው 42 ያህሉ የም ነኝ ብሎ ሌላ ቋንቋ አስመዝግቧል ማለት ነው። በሰሜን የሚገኘው የቅማንት ጉዳይ ከዚህም የጠነከረ ነው። በ1987ቱ ቆጠራ ቅማንት ነን ካሉት ወደ 172 ሺህ ሰዎች ቅማንትኛን የአፍ መፍቻዬ ያሉት 1,650 ገደማ ብቻ ነበሩ። ብሔርን አይቶ ቋንቋ የሚሞላ ጸሐፊ ቢሆን ኖሮ 172 ሺህ ተናጋሪ ያለው ጤነኛ ቋንቋ ብሎ ባለፈው ነበር።

ከ1999 ወዲህ ደግሞ አገር አቀፍ ቆጠራ አልተደረገም። ሕገ መንግሥቱ በየ10 ዓመቱ ይካሄድ ቢልም አራተኛው ቆጠራ በተደጋጋሚ ተራዝሟል። ያኔ 120,960 ነዋሪ የተቆጠረባት ጅማ ከዚያ ወዲህ በጣም ሰፍታለች፤ ማን በምን ቋንቋ እንደሚኖርባት የሚያሳየው የቆጠራ ሰነድ ግን ያው የድሮው ነው። የሚቀጥለውን ቆጠራ ቁጭ ብሎ መጠበቅ አያስፈልግም። አብዛኛው ሥራ በትምህርት ቤት ምዝገባ፣ በሆስፒታል ካርድ ክፍልና በዕድር መዝገብ ሊሠራ ይችላል።

ጅማ የተቀመጠችበት ቦታ ደግሞ ጉዳዩን ከሌላ ከተማ ይልቅ ያከብደዋል። ከመናኸሪያው በየትኛውም አቅጣጫ ብትወጡ ሩቅ ሳትሄዱ ሌላ ቋንቋ ትሰማላችሁ። በአዲስ አበባ መንገድ ሶኮሩ ወረዳ ከየም ጋር ይዋሰናል። የም በአብዛኛው ጎኑ በጅማ ዞን የተከበበ፣ በምሥራቅ ግቤ የሚያዋስነው አገር ነው፤ ከ2015 መጨረሻ ጀምሮ በማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል ሥር ዞን ሆኗል፣ ማዕከሉም ሳጃ ነው። ቋንቋው የምሳ ከኦሞአዊ ቋንቋዎች ይመደባል። የንጉሡ ሥርዓት በነበረበት ዘመን ለተራው ሰው፣ ለተከበረው ሰውና ለንጉሡ የሚውሉ የተለያዩ ቃላት ነበሩት። ዛሬ የንጉሡን ቃላት የሚያውቁት በዕድሜ የገፉት ናቸው። ስለዚህ ‹የምሳ ይናገራል› የሚል አንድ ምልክት የ70 ዓመቱን አዛውንትና የ15 ዓመቱን ልጅ እኩል አድርጎ ሲመዘግብ ያለውን ልዩነት ይደብቃል።

በቦንጋ መንገድ ሸቤን አልፋችሁ ጎጀብን ስትሻገሩ ካፊኖኖ ይጀምራል። ካፊኖኖ በላቲን ፊደል ይጻፋል፣ በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ተናጋሪም አለው። ዘመዶቹ ግን የተበታተኑ ናቸው። በሸካ ሸኪኖኖ አለ። በቄለም ወለጋ አንፊሎ አለ፤ አሁን የሚናገሩት በጣም ጥቂት አረጋውያን ናቸው፣ ልጆቻቸው አፋን ኦሮሞ ተናጋሪ ሆነዋል። ከዓባይ ማዶ በመተከል ደግሞ ቦሮ ሺናሻ አለ። ካርታ ላይ ብታስቀምጧቸው በመካከላቸው ሰፊ የአፋን ኦሮሞ አገር ተዘርግቶ ታያላችሁ። ምክንያቱ ታሪክ ነው። የኦሮሞ ሕዝብ ወደ ግቤ ከመስፋፋቱ በፊት በጥንቱ የእናርያ መንግሥት ይነገር የነበረው ቋንቋ ከካፊኖኖ ጋር ዝምድና ያለው ነበር። ከጅማ በደቡብ ምሥራቅ የነበረው የጋሮ ወይም የቦሻ መንግሥትም በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ወደ ጅማ እስኪጠቃለል ድረስ ከዚሁ ወገን የሆነ ቋንቋ ነበረው። ቦሻ ዛሬ ከካፊኖኖ ዘዬዎች እንደ አንዱ ይቆጠራል፤ ራሱን የቻለ ቋንቋ ሊሆን ይችላል የሚሉም አሉ። ክርክሩን የሚፈታው የቀሩ ተናጋሪዎች ድምፅ ነው። ‹ካፋ› ተብለው አንድ ላይ ከተመዘገቡ ደግሞ ማንም አያገኛቸውም።

ከቦንጋ ወዲያ ያለው መንገድ የቋንቋ ባለሙያን ዕድሜ ልክ የሚያሠራ ነው። በሚዛን አማን ዙሪያ ቤንችኛ ይነገራል። ቤንችኛ 5 የድምፀት (የድምፅ ከፍታና ዝቅታ) ደረጃዎችና 1 ከዝቅታ ወደ ከፍታ የሚወጣ ድምፀት አለው፤ ፊደሎቹ ሁሉ አንድ ሆነው በድምፀት ብቻ የሚለያዩ ቃላት አሉት። በፉጨትም ይነጋገሩበታል። ሸኮና ዲዚ የእሱ የሩቅ ዘመዶች ናቸው። ሜኢንና ሱሪ ግን ከሌላ የቋንቋ ቤተሰብ፣ ከናይሎ ሰሃራ ወገን ናቸው፤ በቴፒና በጎደሬ ዙሪያ የሚነገረው መዠንግርኛም እንዲሁ። በዚያው ጫካ ውስጥ ቻቡ የሚባሉ፣ በአደንና በማር የኖሩ ሕዝቦች አሉ። የቋንቋቸው ተናጋሪዎች ጥቂት መቶዎች ናቸው፤ ከየትኛው ቤተሰብ እንደሚመደብ እስከዛሬ ባለሙያዎች አልተስማሙበትም። ቻቡዎች ከጎረቤት ጋር የሚነጋገሩት በመዠንግርኛ ወይም በሸኪኖኖ ነው። ስለዚህ ከተማ ሲወርዱ የሚጠይቃቸው ሰው መዠንግር ብሎ ይጽፋቸዋል። ስሕተት ነው ለማለትም ይቸግራል፣ መዠንግርኛ እየመለሱለት ነውና።

በጭዳ በኩል ኮንታና ዳውሮ ናቸው። በአጋሮ፣ በበደሌና በመቱ መንገድ ረጅም የአፋን ኦሮሞ አገር ይሄድና ጋምቤላ ላይ አኙዋክኛ፣ ኑዌርኛ፣ ኦፖና ኮሞ ይመጣሉ። በአንድና በሁለት ቀን የመኪና መንገድ ውስጥ ሴማዊ፣ ኩሻዊ፣ ኦሞአዊና ናይሎ ሰሃራዊ የሚባሉት ወገኖች ሁሉ ይገኛሉ። ከእነዚህ ሁሉ አገር ሰው ወደ ጅማ ይመጣል፤ ለሕክምና፣ ለዩኒቨርሲቲ፣ ለፍርድ ቤት፣ ለገበያ። በቡና ለቀማ ወራት ደግሞ ወደ ጎማ፣ ሊሙና ማና በብዛት የቀን ሠራተኛ ይገባል። የመንደሩን ቋንቋ በሐምሌ የጠየቀና በኅዳር የጠየቀ ሰው አንድ ዓይነት መልስ አያገኝም። ስለዚህ ሁለቴ መጠየቅ ያስፈልጋል፤ አንዴ ለቀማው ሲደራ፣ አንዴ ካለቀ በኋላ በየካቲት። ክረምቱን ተዉት፤ ጭቃው ቆጣሪውን ከመንገድ ዳር ቤቶች አያሳልፈውም፤ መንገድ ዳር ያለው ቤት ደግሞ ብዙ ጊዜ የነጋዴ ቤት ነው።

አሁን ወደ አጠያየቁ። ሦስት ጥያቄ ይበቃል። አንደኛ፣ በልጅነትህ መጀመሪያ የተናገርከው ቋንቋ የትኛው ነው? ሁለት ከሆነ ሁለቱም ይጻፉ። ሁለተኛ፣ ዛሬ ቤት ውስጥ ከእናትህ፣ ከባለቤትህና ከልጆችህ ጋር በምን ትነጋገራለህ? ይህ ለእያንዳንዱ ለየብቻ ይጠየቅ። ሦስተኛ፣ ሐኪም ቤት ወይም ፍርድ ቤት ብትሄድ በየትኛው ቋንቋ ቢነግሩህ ሙሉ በሙሉ ይገባሃል? ብሔር መጠየቅ ግድ ከሆነ ከነዚህ በኋላ፣ በሌላ ገጽ ይሁን። አስቀድሞ ከተጠየቀ ሰው ለቋንቋው ጥያቄም ያንኑ መልሶ ይናገራል።

ከሦስቱ ብዙ የሚናገረው ሁለተኛው ነው። ሴት አያት ከልጇ ጋር በየምሳ፣ ልጇ ከልጅ ልጇ ጋር በአፋን ኦሮሞ ወይም በአማርኛ የምትነጋገርበት ቤት ቋንቋው በአንድ ትውልድ የሚዘጋ ቤት ነው። በመጀመሪያው ጥያቄ ብቻ ግን ‹ሁለት ተናጋሪ ያለው ቤት› ተብሎ ይመዘገባል። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2003 ያወጣው የቋንቋ ሕይወት መለኪያ 9 ነጥቦች አሉት፤ የመጀመሪያው ቋንቋው ከወላጅ ወደ ልጅ ይተላለፋል ወይ የሚለው ነው። የተናጋሪው ብዛት ከዚያ በኋላ ይመጣል። 5 ሺህ ተናጋሪ ያለው፣ ሕፃናት የሚጫወቱበት ቋንቋ፣ ከ40 ዓመት በታች ሰው የማይናገረው 50 ሺህ ተናጋሪ ካለው ቋንቋ ይልቅ ዕድሜ አለው።

ስለዚህ ዕድሜ ሳይጻፍ የተሰበሰበ የቋንቋ ቁጥር ወረቀት ማባከን ነው። ቢያንስ ከ6 እስከ 17፣ ከ18 እስከ 39፣ ከ40 እስከ 59፣ ከ60 በላይ ተብሎ ይከፈል። ችሎታውም ‹ይናገራል፣ አይናገርም› ተብሎ ለሁለት አይቆረጥ። ከ0 እስከ 4 ስጡት። 0 ምንም የማይሰማ፣ 1 ሰላምታና የገበያ ቃል የሚያውቅ፣ 2 ሰምቶ ገብቶት በሌላ ቋንቋ የሚመልስ፣ 3 እያደባለቀ የሚናገር፣ 4 ተረቱንም ስድቡንም ሙግቱንም የሚችል። የ2ኛው ደረጃ ልጆች ናቸው ሊታገዙ የሚችሉት። ቋንቋው ጆሯቸው ውስጥ አለ፤ የጎደላቸው የሚያናግራቸው እኩያ ነው። በሁለት ሣጥን ብቻ በሚሞላ ቅጽ እነዚህ ልጆች ‹አይናገርም› ውስጥ ይወድቃሉ።

ሥራው የሚበላሽባቸውን ቦታዎች ደግሞ ቀድሞ ማወቅ ይሻላል። ትልቁ ችግር አባወራው ለቤቱ ሁሉ መመለሱ ነው። አባት ኦሮሞ፣ እናት ዳውሮ በሆኑበት ቤት ልጆቹ ከእናታቸው ጋር ጓዳ ውስጥ የሚነጋገሩበት ቋንቋ ሳሎን ውስጥ በሚሞላ መጠይቅ ላይ አይገኝም። እናትዮዋን ለብቻ፣ በሴት ጠያቂ አስጠይቋት። ሁለተኛው፣ ጠያቂው የቀበሌ ሰው መሆኑ ነው። መታወቂያ፣ ቦታና ግብር በእጁ ያለ ሰው ሲጠይቅ ተጠያቂው ይጠቅመኛል ያለውን ቋንቋ ይናገራል። መምህራን ወይም የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ይሻላሉ፤ ከሁሉም የሚሻለው ቋንቋውን የሚናገር ወጣት ሰልጥኖ ሲጠይቅ ነው። ሦስተኛው ‹ሌላ› የሚባለው ሣጥን ነው። ትንንሽ ቋንቋዎች ሁሉ እዚያ ገብተው አይወጡም። ‹ሌላ› ከተመረጠ ከጎኑ ባዶ መስመር ይኑር፣ ተናጋሪው ቋንቋውን በሚጠራበት ስም ይጻፍበት። አንዳንዱ ቋንቋ በጎረቤት አፍ ሲጠራ ባለቤቱ የማይቀበለው ስም አለው፤ የምም በድሮ መዛግብት ሕዝቡ በማይወደው ስም ነው የሚገኘው። በሁለት ስም የገባ አንድ ቋንቋ ሁለት ሆኖ ሲቆጠር፣ አንዱን ስም ብቻ የያዘ ቅጽ ደግሞ ተናጋሪውን ያሳፍረዋል።

የተቀራረቡ ቋንቋዎችን ቢሮ ተቀምጦ አንድ ማድረግም የሚያመጣውን አይተናል። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ወላይታ፣ ጋሞ፣ ጎፋና ዳውሮ በአንድ የተዋሐደ መማሪያ መጽሐፍ እንዲማሩ ‹ወጋጎዳ› የሚባል ተዘጋጀ። አራቱ በእርግጥም በጣም ተቀራራቢ ናቸው፤ ቋንቋ ያጠና ሰው ሊያዋሕዳቸው ቢያስብ አይደንቅም። ግን ማንም የማይናገረውን ቋንቋ ለልጆች አስተምሩ ሲባል በ1992 ሶዶ ላይ ተቃውሞ ተነሣ፣ የሰው ሕይወት ጠፋ፣ መጽሐፉም ቀረ። መዝጋቢው የተነገረውን ይጻፍ፣ ማዋሐዱን አይሞክር።

ናሙናም እንደዚሁ ያታልላል። በአንድ ከተማ 30,000 ቤት አለ እንበል። ከየ20ው ቤት 1 ቤት በዕጣ ይጠየቅ ቢባል 1,500 ቤት ይሆናል፤ ለብዙ ሥራ በቂ ነው። ቋንቋው የሚነገረው ግን በ20 ቤት ብቻ ከሆነ፣ ዕጣው አንዱንም ቤት ሳይነካ የማለፍ ዕድሉ ከመቶ 36 ነው። በ40 ቤት የሚነገር ከሆነም ከመቶ 13 ያህል ነው። አንድ ሰፈር ተጠጋግተው ከኖሩና ዕጣው በሰፈር ከወጣ ደግሞ ይብሳል። ሪፖርቱም ‹በከተማው አልተገኘም› ይላል። ለትንንሽ ቋንቋዎች ዕጣ ሳይሆን ማጠያየቅ ነው የሚበጀው። የተገኘው ተናጋሪ ‹ሌላ ማንን ታውቃለህ?› ይባላል፤ እሱ ወደ ሦስት ሰው ይመራል፣ ሦስቱ ወደ ስምንት። በጅማ ለዚህ ሥራ ዕድርን የሚያህል የለም። ከአንድ አገር የመጡ ሰዎች ሲሞት መቃበሪያ እንዳይቸግራቸው አብረው ይመዘገባሉ፤ የዕድሩ ጸሐፊ ደብተር ከቀበሌው መዝገብ የተሻለ የሚያውቀው ነገር አለ። ነገር ግን የአባላቱን ዝርዝር ቀድቶ መውሰድ አይገባም። ጸሐፊው ራሱ ለአባላቱ ይንገር፣ የፈለገ ይምጣ።

በአጋጣሚ የምትረሳውን አንዲት ነገር እዚህ ጣል እናድርግ፦ የኢትዮጵያ ምልክት ቋንቋም ቋንቋ ነው። መስማት የተሳነው ልጅ ያለበት ቤት በ‹አካል ጉዳት› ሥር ብቻ እየተጻፈ ከቋንቋው ዝርዝር አይቅር።

የተመዘገበው መረጃ የት ይዋል ለሚለው፣ በጣም የሚቸኩለው ጤና ነው። ካርድ ክፍል ሦስተኛዋን ጥያቄ ብቻ ይጠይቅ፤ መልሱ በካርዱ ሽፋን ላይ በጉልህ ይጻፍ። ሐኪሙ ከመጀመሩ በፊት ያየዋል። አሁን ባለው ልማድ አማርኛም አፋን ኦሮሞም የማትሰማ እናት ስትመጣ የ10 ዓመት ልጇ ታስተረጉማለች። ልጅ ለእናቷ የማኅፀን ችግር አስተርጓሚ መሆን የለባትም፤ ግማሹን አታውቀውም፣ ግማሹን ታፍራለች፣ እናትም ከልጇ ፊት አትናገርም። ባልም ያው ነው። አስተርጓሚው አዋቂ፣ ዘመድ ያልሆነ፣ ምሥጢር ለመጠበቅ የፈረመ ይሁን። ‹ሆዷን ያማታል ትላለች› እያለ ሳይሆን ‹ሆዴን ያመኛል› ብሎ በታማሚዋ አፍ ይናገር፤ አንድ ዐረፍተ ነገር እየሰማ አንድ ያስተላልፍ። መድኃኒት ሲሰጥ ደግሞ ‹ገባሽ?› ተብሎ አይጠየቅም፤ ሁሉም ገባኝ ይላል። ‹እስቲ መቼ መቼ፣ ስንት ስንት እንደምትወስጂ ንገሪኝ› ይባል። በከረጢቱ ላይ 1 ጊዜ 3 ተብሎ የተጻፈውን ሦስቱንም በአንዴ መዋጥ አድርጎ መረዳት ማንም ላይ ይደርሳል።

በየሆስፒታሉ ለእያንዳንዱ ቋንቋ ሠራተኛ መቅጠር አይቻልም፤ አያስፈልግምም። በጽዳት፣ በጥበቃ፣ በላቦራቶሪና በነርስነት ከሚሠሩት መካከል የምሳ፣ ዳውሮኛ፣ ካፊኖኖ፣ ቤንችኛ የሚናገሩ ይኖራሉ። ስማቸው፣ ቋንቋቸውና ተረኛ የሚሆኑበት ሰዓት በአንድ ወረቀት ላይ ተጽፎ ድንገተኛ ክፍል ይለጠፍ። የግማሽ ቀን ሥልጠና ይሰጣቸው፤ ለሠሩበት ሰዓትም ይከፈላቸው። ካልተከፈላቸው በሦስተኛው ወር ወረቀቱ ብቻ ይቀራል። ዩኒቨርሲቲውም ከየአቅጣጫው የመጡ ተማሪዎች አሉት፤ በክረምት ሲበተኑ ክፍተት እንደሚመጣ ግን አስቀድሞ ይታሰብ።

በፍትሕ በኩል ነገሩ ልመና አይደለም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 የተያዘ ሰው የተያዘበት ምክንያት በሚገባው ቋንቋ ወዲያውኑ እንዲነገረው ያዛል። አንቀጽ 20 ደግሞ ችሎቱ በማይገባው ቋንቋ ሲካሄድ በመንግሥት ወጪ አስተርጓሚ የማግኘት መብት ይሰጠዋል። ችግሩ የሚጀምረው ችሎት ከመድረሱ በፊት፣ ፖሊስ ጣቢያ ነው። ቃሉን የሰጠው በግማሽ አማርኛ ከሆነ፣ የተጻፈው ቃል የጸሐፊው እንጂ የእሱ አይደለም፤ በኋላ ችሎት ላይ ጎበዝ አስተርጓሚ ቢቆም ያንን ቃል አያቃናውም። የቋንቋው መስመር በመጀመሪያው ገጽ ላይ፣ ቃል ከመቀበሉ በፊት ይሞላ። ‹አማርኛ ትችላለህ?› ተብሎ አይጠየቅ፤ የታሰረ ሰው እችላለሁ ይላል። የቀረበበትን ነገር በራሱ አባባል መልሶ እንዲናገር ይደረግ።

ትምህርት ቤት ላይ አጭር እንሁን። ከ1986ቱ የትምህርት ፖሊሲ ጀምሮ ሕፃናት በአንደኛ ደረጃ በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው እንዲማሩ ተፈቅዷል። በከተማ ግን 30 የዳውሮ ልጆች በ12 ትምህርት ቤት ተበትነው ከሆነ ክፍል አይከፈትላቸውም። የት የት እንዳሉ ከታወቀ በአንዱ ማዕከላዊ ትምህርት ቤት ቅዳሜ ጠዋት የሁለት ሰዓት ክፍለ ጊዜ ማዘጋጀት ይቻላል። መምህሩ ከአካባቢው ኮሌጅ የተመረቀ ካልተገኘም ማንበብ የሚያውቅ ተናጋሪ ይበቃል። መጽሐፉ ከዚያው ዞን ይመጣል። ፊደሉ ባለበት ዞን የሚሠራበት ይሁን፤ ካፊኖኖን ጅማ ላይ በግእዝ ፊደል፣ ቦንጋ ላይ በላቲን ማስተማር ልጁን ማደናገር ነው።

የድምፅ ክምችቱን ለባህልና ቱሪዝም እንተወው። በዕድሜ የገፉ ተናጋሪዎችን መቅዳት ከምዝገባው ጋር አብሮ መሄድ አለበት፤ ስማቸው ተይዞ ዓመት ካለፈ በኋላ ቢሄዱ አንዳንዶቹ አይገኙም። ዛሬ የጠፋው ጋፋትኛ እንዲህ ነው የሆነው። እ.ኤ.አ. በ1947 የቋንቋ ተመራማሪው ቮልፍ ሌስላው ሲፈልገው ያገኘው 4 ተናጋሪ ብቻ ነበር፤ ዛሬ የምናውቀው ጋፋትኛ በአብዛኛው ከነሱ አፍ የተጻፈው ነው። በደቡብ ኦሞ ኦንጎታ ከደርዘን የማይበልጡ አረጋውያን ቋንቋ ሆኖ ነው የተመዘገበው፤ ሌሎቹ ጸማይኛ ተናጋሪ ሆነዋል።

ቀረጻው በስልክም ይሠራል፤ ነገር ግን ውድ ያልሆነ የአንገት ማይክሮፎን ይግዙለት፣ ከአፍ አንድ ስንዝር ያህል ዝቅ ብሎ ይሰካ። ፋይሉ ያልተጨመቀ ዓይነት፣ ቢያንስ 44.1 ኪሎኸርዝና 16 ቢት ይሁን፤ በኤምፒ3 የተቀዳ ድምፅ ጆሮ ቢያረካም ለዝርዝር የድምፅ ጥናት አይመከርም። የጅማ ዋነኛ ጠላት ቆርቆሮ ጣሪያ ነው። ዝናብ ሲጀምር ቀረጻው አልቋል፤ ስለዚህ ከሰኔ እስከ መስከረም ጠዋት ብቻ፣ ወይም በሣር ቤት ውስጥ። የቡና ወቀጣም፣ ጎረቤት ያለ ወፍጮም ቅጂ ውስጥ ይገባል። መጀመሪያ 100 መሠረታዊ ቃላት፣ እያንዳንዳቸው ሦስት ሦስት ጊዜ ይነገሩ፤ ቀጥሎ 30 አጫጭር ዐረፍተ ነገር፤ ከዚያ ሰውየው የፈለገውን ያውራ፦ ንብ እንዴት እንደሚያዝ፣ እንሰት እንዴት እንደሚፋቅ። ተረት ንገሩኝ የተባለ ሰው ብዙ ጊዜ ይደርቃል፤ ሥራውን የተጠየቀ ግን አያቆምም። በየቅጂው መጀመሪያ ቀን፣ ቦታ፣ የተናጋሪው ዕድሜና የሚናገራቸው ቋንቋዎች በድምፅ ይነገሩ፤ ወረቀት ከፋይል ሲለያይ ቅጂው የማን እንደሆነ የሚናገረው እሱ ብቻ ነውና። ፈቃዱም በድምፅ ይቀዳ፣ ማን እንዲሰማው እንደሚፈቅድ ጭምር። የሠርግና የልቅሶ ግጥም ለማንም ይሰማል፤ የሥርዓትና የመድኃኒት ነገር አንዳንዴ አይሰማም።

ቅጂውን በጽሑፍ ማውጣት ሌላ ሥራ ነው። ብዙ ባልተጠና ቋንቋ አንድ ደቂቃ ድምፅ በትክክል ለመጻፍና ለመተርጎም አንድ ሰዓት ገደማ ይበላል። በግእዝ ፊደል ከተጻፈ መጥበቅና መላላቱ አይታይም፤ በሁለቱም ፊደል ደግሞ ድምፀት ካልተጨመረበት አይታይም፤ ስለዚህ ድምፁ ራሱ መቀመጥ አለበት። ሦስት ቅጂ፣ በሦስት ቦታ፦ አንዱ በመሥሪያ ቤቱ፣ አንዱ በዩኒቨርሲቲው፣ አንዱ በማኅበረሰቡ እጅ። በአንድ ሠራተኛ ላፕቶፕ ላይ ብቻ ያለ ክምችት ሠራተኛው ሲዛወር አብሮት ይዛወራል።

ሁሉም በአንድ ዓመት ይደረግ አንልም። የሚቀድመው የተማሪ ምዝገባ ነው፤ ቅጹ ከነሐሴ አጋማሽ በፊት ስለሚታተም ሦስቱ መስመሮች አሁን ይግቡበት። ወላጅ ልጁን ሊያስመዘግብ ሲመጣ ከ5 ደቂቃ በላይ አይወስድም፤ መልሱ በየትምህርት ቤቱ ተደምሮ በጥቅምት መጨረሻ የጅማ የመጀመሪያ የቋንቋ ሠንጠረዥ ይሆናል። የካርድ ክፍሉ መስመር አዲስ ካርድ እስኪታተም በማኅተም ሊሠራ ይችላል። ቀረጻው ከጥቅምት ዝናብ በኋላ በዕድሮች በኩል ይጀመር። ስለ መጠይቁ አቀራረጽ፣ ስለ ጠያቂዎች ሥልጠናና ስለ ቃላቱ ዝርዝር ያለ ክፍያ ለመሥራት ዝግጁ ነን፤ ረቂቁ በአፋን ኦሮሞ፣ በአማርኛና በየምሳ ሊቀርብላችሁ ይችላል።

ከአክብሮት ጋር
በቋንቋ ማስተማር፣ በትርጉምና በመዝገብ ሥራ ላይ ያለን የጅማ ነዋሪዎች